ክልል በር የለውም፦ «በመጀመሪያው ቀን ዝጉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ አክስቴ ናት። አክስቴ ጋ ከደረሰ ነገሩ አገር አዳርሷል ማለት ነው። «እውነቱን ነው እኮ» የሚል መልእክትም ጨምራበታለች።

ያላነበበ ሰው ካለ፣ ጽሑፉ የሚለው ይህን ነው። ቀጣዩ ወረርሽኝ አይቀርም። ሲመጣ እያንዳንዱ ክልል ማንንም ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ቀን መግቢያውን ይዝጋ። ጸሐፊው ለዚህ አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። ቀድመው የዘጉ ተርፈዋል፤ የአሜሪካ ሳሞአ፣ ምዕራብ አውስትራሊያና የቻይናዋ ዉሃን ምስክር ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ክልሎቻችን መንገድ በዘጉ ጊዜ የታማሚው ቁጥር ትንሽ ነበር፣ ሲከፍቱ አሻቀበ። አየር መንገዳችን የቻይና በረራውን በጊዜው ቢያቆም ኖሮ ኮሮና አይገባም ነበር። ሕገ መንግሥቱ ክልሎች እንዲዘጉ ይፈቅዳል። ደግሞም «ዕቃ ይግባ፣ ሰው አይግባ» ከተባለ ኑሮ አይናጋም። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፦ ይህን የሚቃወም ሰው ከነፍስ ገንዘብ የሚያስበልጥ ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ለሰው ሕይወት ተጨንቀው እንደጻፉት ያስታውቃል። እኔ ግን በመደምደሚያቸው አልስማማም።

ከሚከብደኝ ልጀምር። ሳሞአ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1918 ታሉን የምትባል መርከብ ከኒውዚላንድ ተነስታ ምዕራብ ሳሞአ ደረሰች። ውስጧ የኢንፍሉዌንዛ ሕሙማን ነበሩ። አላገዷትም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአምስት ነዋሪ አንዱ ገደማ አለቀ። ጎረቤቷ የአሜሪካ ሳሞአ ግን በአስተዳዳሪዋ በጆን ፖየር ትእዛዝ ማንም እንዲሁ ዘው ብሎ እንዳይገባ ከለከለች። በዚያ ወረርሽኝ አንድም ሰው አልሞተባትም። እኛ በዚያው ወር የት እንደነበርን ይታወቃል። የኅዳር በሽታ የምንለው ያ ነው። አዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ረገፈ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተረፉ። ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው የዚያን ጊዜ ትዝታ ይዘን ነው።

ስለዚህ «መዝጋት መቼም አይሠራም» የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። እኔም እንዲያ አልልም። ሳሞአ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን ሳሞአ ደሴት ናት። ሰው የሚገባው በመርከብ ብቻ ነው፤ ያውም ወደብ ላይ። መርከብ ጫካ ለጫካ አይሄድም። የአውስትራሊያ ክልል የሆነው ምዕራብ አውስትራሊያም እውነቱን ለመናገር ደሴት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ዙሪያው ግማሹ ውሃ ግማሹ በረሃ መሆኑ ነው። ስፋቱ የኢትዮጵያን እጥፍ ይበልጣል። ሕዝቡ ግን ሦስት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። ከምሥራቅ የሚያስገቡት የአስፋልት መንገዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከዋና ከተማው ከፐርዝ ተነስቶ ቀጣዩ ትልቅ ከተማ አደላይድ ለመድረስ ከ2,600 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጥቂት ፖሊስ ካቆምክ ዘጋህ ማለት ነው። ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2020 እስከ ማርች 2022 ዘግተው ቆዩ። ሕዝቡም ወዶት ነበር። በመሃሉ በተደረገው ምርጫ የዘጋው ፓርቲ ከ59 መቀመጫ 53ቱን ጠራርጎ ወሰደ።

ጸሐፊው ያላነሱት ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የአውስትራሊያ መንግሥት ሥራ እንዳይፈርስ በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሠራተኛ 1,500 የአገሪቱን ዶላር ለአሠሪው ይከፍል ነበር። «ቤትህ ተቀመጥ» ያለው ደመወዙን ይዞ ነው። እኛ ጋ ቤትህ ተቀመጥ የሚባለው ሊስትሮ ምን ይዞ ይቀመጣል?

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የአዲስ አበባን ዙሪያ ተመልከቱ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ዛሬ ሸገር ከተማ በሚል ስም የተጠቃለሉት ሁሉ፣ በአስተዳደር ኦሮሚያ ናቸው። ነዋሪያቸው ግን ስንቱ ነው ጠዋት አዲስ አበባ ገብቶ ማታ የሚመለሰው? ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሰበታ ወደ አየር ጤና የሚገቡትን ሚኒባሶች ያየ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ወረርሽኝ ገባ እንበል፤ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች መቼም እዚህ መገኘታቸው አይቀርም። በጸሐፊው ምክር ኦሮሚያ በመጀመሪያው ቀን መግቢያውን ይዘጋል። እሺ፣ የቱን? አንድ አጥር ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ የሆነበት ሰፈር አለ። እናት ቡራዩ፣ ልጅ አስኮ የሆነበት ቤተሰብ አለ። መርካቶ ሸቀጥ ተሸክሞ የሚውለው ሰው ሰበታ አድሮ ነው የሚመጣው። እንዳይገባ ልከልክልህ ብትለው እሱ የሚገባው ወደ ገዛ ቤቱ ነው።

በር የሚመስል ቦታ የለንም ማለቴ አይደለም። አባይ በረሃ አለ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር መኪና ድልድዩን ሳይረግጥ አያልፍም። እዚያ ኬላ ማቆም ትርጉም አለው፤ ይህን አምናለሁ። ግን የትኛውም ክልል ዙሪያውን በሙሉ አባይ በረሃ አይደለም። በቀረው ወሰን ላይ ያለው መንደር፣ የጋራ ገበያ፣ የጋራ ወፍጮ ቤት፣ የጋራ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ነው።

አንድ ዘመዴ በ2012 ሚኒባስ ይሠራ ነበር። በዚያ ሰሞን ኬላው እንዴት ይታለፍ እንደነበር ነግሮኛል። ኬላው ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ተሳፋሪው በሙሉ ይወርዳል። ሚኒባሱ ባዶውን ይቀጥላል። ፈታሹ ውስጡን አይቶ «እለፍ» ይላል። ሰዉ በባህር ዛፉ ውስጥ ዞሮ ከወዲያ ይሳፈራል። ለዚህ አገልግሎት ታሪፉ ላይ ጭማሪ አለ። ረዳቱ «የባህር ዛፍ ሒሳብ» ይለው ነበር አሉ። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። አንዱ ለቀብር ይሄዳል፣ አንዷ ልጇን ልታመጣ ትሄዳለች፣ አንዱ ሥራ ተዘግቶበት የቤት ኪራይ መክፈል ስላቃተው አገሩ ይገባል። የሆነውን ግን አስቡት። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ታሞ ቢሆን ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር ተቀምጦ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ኬላው አላስቆመውም። የደበቀው ግን ኬላው ነው።

ለእኔ የጽሑፉ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። ጸሐፊው የሚያወዳድሩት ሰው የገባበትን ክልል ሰው ካልገባበት ክልል ጋር ነው። እኛ ያለን ምርጫ ግን በግልጽ የገባ ሰው ወይስ ተደብቆ የገባ ሰው የሚል ነው።

ደግሞስ «የመጀመሪያው ቀን» የትኛው ነው? የእኛ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ሰውዬው የገባው ግን የካቲት 25 ነበር። ዘጠኝ ቀን አለፈ ማለት ነው፤ ያውም የተገኘውን ሰው ብቻ ስንቆጥር። የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ላይ «ልንዘጋ ነው» ሲባል ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ዉሃን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ስትዘጋ፣ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው አስቀድሞ ከከተማዋ ወጥቷል ብለው የተናገሩት ከንቲባዋ ራሳቸው ናቸው። አብዛኛው ለበዓል የሄደ ቢሆንም ቫይረሱ የበዓል ነው ብሎ አይቀርም። በጣሊያን ሎምባርዲ ልትዘጋ ነው የሚለው ረቂቅ በማርች መጀመሪያ ሲያፈተልክ ሰው በሌሊት ሚላኖ ባቡር ጣቢያ ተንጋግቶ ወደ ደቡብ ሄደ። በሽታው እምብዛም ወዳልገባበት ማለት ነው። ሕንድ የአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥታ ስትዘጋ የቀን ሠራተኛው ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ልጁን አዝሎ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጓዘ።

ጸሐፊው ዉሃንን በስኬት ነው የጠቀሷት። ከተማዋ ውስጥ በሽታው ረግቧል፤ እውነት ነው። ለተቀረው ቻይና ግን የጉዞ እገዳው ብቻውን ያስገኘው መዘግየት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው ብሎ ያሰላ ጥናት ያኔውኑ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ያው ጥናት ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ሕመምተኛ ለጥቂት ሳምንታት በጣም ቀንሶ እንደነበርም ያሳያል፤ ይሄን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ለመዘጋጀት ሳምንት መግዛት ቀላል ነገር አይደለም። ጽሑፉ ግን ስለ መዘጋጃ ጊዜ አያወራም። «አይገባም ነበር» ነው የሚለው።

ወደ 2012 ቁጥር። ክልሎች ሲዘጉ ቁጥሩ ትንሽ ነበር፣ ሲከፍቱ ጨመረ ይላል ጽሑፉ። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው። በሚያዝያ አጋማሽ በመላ አገሪቱ የተመዘገበው ታማሚ ከ200 በታች ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ከ50 ሺህ በላይ ሆነ። ግን በሚያዝያ ስንት ሰው ነበር የሚመረመረው? መጀመሪያ ላይ እኮ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሚላከው። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፣ ቀስ በቀስ ወደ ክልል ወረደ። ነሐሴ ላይ ደግሞ አገር አቀፍ የምርመራ ዘመቻ ተካሄደ። ባትሪ ያላበራህበት ጓዳ ውስጥ አይጥ አታይም። አይጥ የለም ማለት ግን አይደለም።

ሌላው ነገር፣ ያኔ የተወሰደው እርምጃ አንድ ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የገባ ሁሉ 14 ቀን ሆቴል እንዲቀመጥ ተደርጓል። የየብስ ድንበርም ተዘግቷል። ትግራይ መጋቢት 17 የራሱን አስቸኳይ አዋጅ አወጀ። አማራ ክልል መጋቢት 22 ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ቲሊሊን ለ14 ቀን ዘጋ። መጋቢት 30 የፌዴራሉ አዋጅ ተከተለ። ይህ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ! አምስት መድኃኒት ባንዴ የዋጠ ሰው የትኛው እንዳሻለው እንዴት ያውቃል? ጸሐፊው መሃል ገብተው «ይቺኛዋ ናት» ይላሉ። በነገራችን ላይ የአማራ ክልሉ እርምጃ ጸሐፊው እንደሚሉት ክልልን መዝጋት አልነበረም። በስም የተጠሩ ከተሞች ናቸው፣ ጊዜውም የታወቀ ነበር። እንዲህ ያለው ጠበብ ያለና ማብቂያው የሚታወቅ እርምጃ ላይ ብዙም ጠብ የለኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከ2013 ወዲህ እዚህ አገር «መንገድ ተዘጋ» የሚለው ቃል እንደ ድሮው አይሰማም። ለስንቱ እህልና መድኃኒት የማያሳልፍ መንገድ ማለት ሆኗል። «ለጊዜው ነው፣ ለጤናህ ነው» ብትለው ሰው አያምንህም። የጤና እርምጃ ደግሞ ካልታመነ አይሠራም። ጸሐፊው ይህን እንዴት ዘለሉት?

የአየር መንገዱ ነገር አጭር ነው። ያ የመጀመሪያው ታማሚ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር፤ የመጣውም ከቡርኪና ፋሶ ነው። ከቻይና አይደለም። የቻይናው በረራ ከጥር ጀምሮ ቢቆም እሱ ከመምጣት አይቀርም ነበር። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 መጀመሪያ ከቻይና የሚመጣውን የውጭ ዜጋ ከልክላ ነበር። ኒውዮርክን ያጥለቀለቀው ቫይረስ በአብዛኛው የገባው በአውሮፓ በኩል መሆኑ በኋላ በዘር ምርመራ ታወቀ። አንድ በር ስትጠብቅ በሌላው ይገባል። የኦሚክሮንም ታሪክ ያው ነው። ደቡብ አፍሪካ በኖቬምበር 2021 አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብላ በሐቀኝነት ተናገረች፤ ዓለም በማግስቱ በረራ ከለከላት። ቆይቶ ሲታይ ኔዘርላንድስ ውስጥ ቀደም ብሎ ከተወሰደ ናሙና ላይም ተገኘ። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ የሚናገር ማን ነው? ለክልልም ያው ነው። መጀመሪያ የመረመረ የሚዘጋበት ከሆነ፣ ባለመመርመር የሚያተርፍ ብዙ ነው። በወቅቱ አየር መንገዱ ላይ የተነሳው ትችት ግን መሠረት አልነበረውም አልልም። ብዙ አየር መንገዶች የቻይና በረራቸውን አቁመው ነበር፤ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። በዚያው መንገድ ግን ለአፍሪካ አገራት የታደለው የቻይናዊው ባለሀብት የጃክ ማ የመመርመሪያና የጭንብል እርዳታ መጋቢት ላይ አዲስ አበባ መግባቱም አይረሳ።

ሕጉ ላይ ክርክር የለኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ንኡስ አንቀጽ 1(ለ) የሰውን ጤና የሚያሰጋ በሽታ ሲከሰት ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነጻነትን ቢሰጥም ማለት ነው። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ተመሳሳይ ክርክር ቀርቦለት ለምዕራብ አውስትራሊያ ፈርዷል። ቢላዋ መያዝ ይፈቀዳል ማለት ግን ሽንኩርቱ ተከተፈ ማለት አይደለም።

«ዕቃ ይግባ፣ ሰው አይግባ» የሚለው ደግሞ ወረቀት ላይ ያምራል። ዕቃ እግር የለውም፤ የሚያስገባው ሹፌር ነው። ከገቢ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። ጋላፊን የሚሻገረው ሹፌር አፋርን አቋርጦ፣ ኦሮሚያ ገብቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ አልጋ ይዞ አድሮ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። በ2012 ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ከተነሳባቸው ሰዎች አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኬንያና ኡጋንዳ ድንበር፣ ማላባ ላይ፣ ምርመራ የሚጠብቀው የጭነት መኪና ሰልፍ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ይቆጠር ነበር። ሙሴቬኒማ የውጭ አገር ሹፌሮችን ከአገራቸው የታማሚ ቁጥር ላይ እስከ መቀነስ ደረሱ። ቁጥሩ ቀነሰ፤ ሹፌሩ ግን መንገድ ላይ ነው።

መተማና ሁመራን ደግሞ አስቡ። ሰሊጡ በክረምት አረም፣ በመስከረምና ጥቅምት አጨዳ አለው። ይህን የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ከየደጋው በብዙ ሺህ የሚወርድ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ቆባው ከተከፈተ ፍሬው ይረግፋል። በዚያ ወር ሰው አይግባ ማለት ዕቃም አይኑር ማለት ነው።

ገንዘብ ከነፍስ ታስበልጣላችሁ ለተባለው አንድ ሰው ላስታውሳቸው። በ2012 በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጎንደር ያለች የማኅጸን በር ካንሰር ታማሚ ጨረር ካስፈለጋት አዲስ አበባ መምጣት ነበረባት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ለሳምንታት። «ሕመምተኛ ይፈቀድለታል» ይሉኝ ይሆናል። ይፈቀድላታል፣ ደብዳቤ ካጻፈች። ደብዳቤው ማኅተም ካለው። ማኅተሙን የሚመታው ሰው በወረርሽኙ ምክንያት ፈረቃ ካልሆነ። ኬላ ላይ ያለው ልጅም ደብዳቤውን ካመነበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ አስታማሚዋ አይፈቀድላትም ሊባል ይችላል። እንዲህ ላለችው ሴት መንገዱ ገንዘብ ነው?

ታዲያ ምን ይሁን ለሚለኝ፣ ወደ ዘመዴ ልመለስ። በዚያው መስመር ላይ ሌላ ኬላ ነበር አለኝ። እዚያ የሚመለስ ሰው አልነበረም። አንዲት የጤና ባለሙያ ጠረጴዛ አውጥታ ተቀምጣለች። ሙቀት ትለካለች። ከየት መጣህ፣ የት ነው የምታርፈው፣ ስልክህ ስንት ነው ብላ ደብተር ላይ ትጽፋለች። የሚያተኩሰው ካለ ለብቻው አስቀምጣ ናሙና ትወስዳለች። ሌላውን «አሥራ አራት ቀን ከሰው ራቅ በሉ፣ ካመማችሁ በዚህ ደውሉ» ብላ ትሸኛለች። እሱ ከነረዳቱ ሦስት ጊዜ ተጽፏል።

«እዛኛው ጋ ስንደርስ ማንም ‹ውረዱልኝ› አይልም ነበር» አለኝ። «የባህር ዛፍ ሒሳቡም ቀረ። ረዳቴ ተናዶ ነበር።»

ከመጀመሪያው ምዝገባ በአምስተኛው ቀን ስልኩ ጠርቷል። የማያውቀው ቁጥር ነው። «ደኅና ነህ ወይ? ሳል ምናምን የለብህም? ከጎንህ የነበረው ሰውዬስ የት ወረደ?» ትለዋለች ባለ ደብተሯ።